አቀበት ላይ «ድም» የሚል ቱርቦ ቤንዚን

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን መኪና አለኝ፤ ማኑዋል፣ ስድስት ማርሽ። አዘቦቱን ከቤት ትምህርት ቤት ነው የምነዳት። አልፎ አልፎ ቤተሰብ ለመጠየቅ ገንዳ ውኃ እወርዳለሁ። ስመለስ ወደ አይከል የሚያወጣውን አቀበት በአምስተኛ ስይዘው አንዴ ወይም ሁለቴ «ድም» የሚል ከባድ ድምፅ ይሰማና ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አይበራም። ዘይት አትበላም፤ እንዲያውም ከመለኪያው ጨምሮ አየሁት። አንዱ መካኒክ ካንዴላ ቀይር፣ ሌላው ወፍራሙን ዘይት፣ 20ደብሊው-50 አድርግባት፣ ሦስተኛው ሽጣት አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መምህር፣ አይሽጧት። ግን ድምፁን ደግመው ከመስማትዎ በፊት አቀበት አወጣጥዎንና ዘይትዎን ይቀይሩ። የካንዴላውን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

ድሮ የለመድነው የሞተር መንኳኳት ቤንዚኑ ደካማ ሲሆን የሚመጣ ነው። ካንዴላው ከተኮሰ በኋላ፣ ገና ያልነደደው ቅሪት በራሱ ይፈነዳል። ለዚህ ሞተሩ ላይ የታሰረ ሴንሰር አለ፤ እሱ ሲሰማ ኮምፒዩተሩ የካንዴላውን እሳት ዘግየት ያደርግና ነገሩ ይበርዳል። የእርስዎ ሌላ ይመስለኛል። ካንዴላው ሳይተኩስ፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ፣ ውስጥ ያለው ድብልቅ ቀድሞ ይቀጣጠላል። መሰላል በሚወጣ ሰው ራስ ላይ ኩንታል እንደመልቀቅ ነው። እሳቱ ቀድሞ ስለተነሳ ኮምፒዩተሩ ካንዴላውን ቢያዘገየው ምንም አይፈይድም። ግፊቱ ከልክ ያልፍና የፒስተኑን የቀለበት መቀመጫ ይሰብራል፣ ሲብስም ፒስተኑን ከታች የሚይዘውን ዘንግ፣ ኮኔክቲንግ ሮዱን ያጣምማል። ጥቂት ዙር ተከታትሎ ይመጣና በራሱ ይጠፋል። ጋራዥ ሲደርሱ ምንም የማይሰማው፣ መካኒኩም «ምንም የላትም» ብሎ የሚመልስዎ ለዚህ ነው።

ይህ በብዛት የሚታየው ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ቱርቦ ሞተሮች ላይ ነው። ከሚረጨው ከፊሉ ግድግዳውን መትቶ እዚያ ካለው ስስ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ከላይኛው ቀለበት በላይ ባለችው ጠባብ ክፍተትም ይጠራቀማል። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከባድ ጭነት ሲሸከም ከዚያ የምትወጣው ጠብታ የምትግልበት በቂ ጊዜ ታገኛለች፣ ትቀጣጠላለች። ተቀርፎ የሚነሳ ካርቦንም እንዲሁ ያደርጋል።

አሁን «ዘይት ጨመረ» ያሉኝን ልያዘው፤ ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዘይት አይወልድም፤ የጨመረው ቤንዚን ነው። ከማራኪ ትምህርት ቤትዎ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይደርሱና ያጠፉታል፣ ወደ ዘይቱ የወረደው ቤንዚን ሳይተን እዚያው ይቀራል። ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሱ መለኪያውን መዘው ዘይቱን በሁለት ጣትዎ መሃል ይሹት። ቀጥኖ እንደ ውኃ ከተንሸራተተና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ኪሎ ሜትሩ ሞላ አልሞላ ሳይሉ ያ ዘይት ይውረድ።

የአገራችን ከፍታም አለበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ በምትኩ መንኳኳት ይቀልለታል። ለኮሮላና ለቪትዝ ደጋው ከለላ ነው። ቱርቦ ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ይሞላዋል፤ ለዚያም በኃይል ይሽከረከራል፣ አየሩንም ያግለዋል። ስለዚህ የጎንደር አየር እርስዎን አይከልልዎትም። ገንዳ ውኃ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ ቆላ ነው። ከዚያ ሐሩር ተነስተው፣ ከኋላ ሰሊጥ ጭነው (ቤተሰብ ባዶ እጅ አይሸኝም መቼም)፣ በአምስተኛ ማርሽ፣ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ከረገጡት ድምፁን ራስዎ ጠሩት።

ሞተር ሲጮህ የሚያሳዝናቸው ብዙ ናቸው። ልማዱ ከናፍጣ የመጣ ነው፤ ናፍጣ በዝግታ መጎተት ይችልበታል። የእርስዎን ከ2,000 ዙር በታች ሆነው አጥብቀው አይርገጡት። ወደ ሦስተኛ ይመልሱና ከ2,500 እስከ 3,500 ይዙር፣ ይጩህ። አውቶማቲክ ያላችሁም አቀበት ላይ ማርሹን በእጅ ያዙት።

ወፍራም ዘይት የዚህ መድኃኒት አይደለም። ዋናው ነገር ዘይቱ ውስጥ ያለው የማጽጃ ቅመም ነው፦ የካልሲየም ማጽጃ የበዛበት ዘይት ይህን ችግር ያባብሳል፣ ከፊሉ በማግኒዚየም ሲተካ ይቀንሳል። የአሜሪካው የነዳጅ ተቋም ኤፒአይ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኤስኤን ፕላስ» የተባለውን የዘይት ደረጃ፣ በ2020 ደግሞ «ኤስፒ»ን ሲያወጣ ዘይቱ ለዚሁ ጉዳይ እንዲፈተን አድርጓል። ከዚያ በፊት የነበሩት ኤስኤል፣ ኤስኤምና ተራው ኤስኤን ይህ ፈተና የለባቸውም፤ በየሱቁ ግን እስካሁን ተደርድረዋል። ጀሪካኑ ላይ ያለችውን ክብ ምልክት ያንብቡ፤ ከላይ ደረጃው፣ መሃሏ ላይ ውፍረቱ ይጻፋል። ኤስፒ ይፈልጉ፣ ውፍረቱን ከመኪናዋ መጽሐፍ ይውሰዱ። ክዳኑ የተነካካ ከሆነ ይለፉት። ለአይሱዙ ከበርሜል የሚቀዳውን 15ደብሊው-40 «ዘይት ያው ዘይት ነው» ብሎ ሊያፈስልዎ የሚነሳ ካለ ቁልፍዎን ተቀብለው ይውጡ። በእርስዎ አነዳድ 10,000 ኪሎ ሜትር አይጠብቁ፤ በ5,000 ይቀይሩ።

የማደያው ሰልፍ ሲረዝም ከጀሪካን እንደሚገዛ አውቃለሁ። ነጭ ጋዝ ከገባበት ግን ኦክቴኑን፣ ማለትም በራሱ ሳይፈነዳ የመቆየት አቅሙን ያወርደዋል፤ በቀላሉ ስለማይተንም ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ወደ ዘይቱም ይወርዳል። የኦክቴን መጨመሪያ ብልቃጡ ብቻውን አያድንም። ኮምፒዩተሯንም ባለሙያ ይይላት፤ አንዳንድ አምራቾች በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበቱን የሚቆጥብ አዲስ ሶፍትዌር አውጥተዋል።

ካንዴላዎቹን ያስፈቱ፣ ግን ለማየት። ነጩን ሸክላ በስልክ መብራት አስጠግተው ይመልከቱት። ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም የሚያብለጨልጭ ግራጫ ነጥብ ከተለጠፈበት፣ ያ ነጥብ የፒስተኑ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። በፊት የተቀየሩ ከሆኑ ቁጥራቸው ከመጽሐፉ ጋር ይመሳከር፤ ከታዘዘው በላይ የሚግል ካንዴላ ራሱ ቀድሞ ያቀጣጥላል።

እግረ መንገድዎን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የየሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት ያስለኩ። የሲሊንደሮቹ ልክ ከተቀራረበ በአዲሱ ዘይትና በሦስተኛ ማርሽ ገንዳ ውኃ ደርሰው ይመለሱ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ግን መኪናዋ ካለችበት አትነሳ፤ በካንዴላው ቀዳዳ ካሜራ ይግባ፣ ካስፈለገም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይነሳ። ስብርባሪው ግድግዳውን ሳይፍቀው ከተደረሰበት ፒስተንና ቀለበት ተቀይሮ ይነሳል፤ ከፋቀው ሙሉ ሪቪዥን ነው፤ ሞተሩ ተፈትቶ ይታደሳል።