ቆጣቢና ንፉግ፦ ልጆቻችንን ለመግቢያ ፈተናው የቃላት ክፍል ስለ ማዘጋጀት

በአሜሪካ የምትኖሩና ልጆቻችሁን የግል ትምህርት ቤት ለማስገባት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ በዝግጅቱ ወቅት አብዛኛውን ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን ለሒሳብ እንደምታውሉ አያለሁ። ሁለት ልጆቼን አስፈትኜ፣ ከዚያም ወዲህ የወዳጆቼን ልጆች ሳዘጋጅ እንደተረዳሁት ግን ልጆቻችንን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው የቃላቱ ክፍል፣ በተለይም የተመሳሳይ ቃላት ጥያቄ ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የጠጣው ስለሚመስለን በዚህ በኩል አያሳስብም ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ በፈተናው ላይ የሚመጡት ቃላት ከጓደኛ ጋር ሲጫወቱ የማይሰሙ፣ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ እኛም ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ስለሆነ ልጁ እነዚህን ቃላት ከወላጁ አፍ የመስማት ዕድሉ ጠባብ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ብላችሁ አማርኛውን ከቤት እንዳታስወጡ አደራ እላለሁ፤ ለዚህ ፈተና ከሁሉ በላይ የጠቀመን እርሱ ነበርና።

በቅድሚያ ፈተናዎቹን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ኤስኤስኤቲ ወይም አይኤስኢኢ የተባሉትን ፈተናዎች ሲሆን፣ የትኛውን እንደሚቀበሉ ከየትምህርት ቤቱ ማረጋገጥ ይገባል። በኤስኤስኤቲ የመካከለኛና የከፍተኛ ደረጃ ፈተና የቃላቱ ክፍል 60 ጥያቄዎች አሉት፤ 30ዎቹ ተመሳሳይ ቃላት፣ 30ዎቹ ደግሞ የቃላት ተዛምዶ፣ ማለትም በሁለት ቃላት መካከል ያለውን ዝምድና ለይቶ ያንኑ ዝምድና ያላቸውን ሌሎች ቃላት መምረጥ፣ ሲሆኑ ለሁሉም የተሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። አይኤስኢኢ በተዛምዶ ፈንታ ዐረፍተ ነገር ማሟላትን ይጠይቃል፤ በመካከለኛና በከፍተኛ ደረጃው 40 ጥያቄዎች በ20 ደቂቃ ይሠራሉ። በሁለቱም ፈተናዎች ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። የተመሳሳይ ቃል ጥያቄ ደግሞ ቃሉን ብቻውን፣ ያለ ዐረፍተ ነገር ስለሚያቀርበው፣ ልጁ ከዐውዱ ተነሥቶ ትርጉሙን ለመገመት የሚያስችለው ነገር የለም።

ትልቋ ልጄ የ12 ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ምሽት አብረን ስንለማመድ «ፍሩጋል» የሚል ቃል መጣ። ከምርጫዎቹ መካከል «ትሪፍቲ» እና «ስቲንጂ» ነበሩ፤ እርሷም «ስቲንጂ» የሚለውን መረጠች። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በፊት ቃሉን «ገንዘብ የማያወጣ ሰው» ብዬ አስረድቻት ነበር። የመልስ ቁልፉን ከማሳየቴ በፊት በአማርኛ «አያትሽ ቆጣቢ ናቸው ወይስ ንፉግ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቅር ብሏት «አባዬ፣ እማማ ንፉግ አይደሉም! ለሰው ይሰጣሉ እኮ፤ ቆጣቢ ናቸው» አለችኝ። ወዲያውም እርሳሱን አንሥታ መልሱን ቀየረች። በእንግሊዝኛው ያላየችውን ልዩነት በአማርኛ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ የጎደላት ከሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የትኛው ከየትኛው የአማርኛ ቃል ጋር እንደሚጣመር ማወቅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድን ቃል ነጥዬ ማስጠናቴን ትቼ፣ የሚቀራረቡ ቃላትን በአንድ ላይ አስቀምጬ ማነጻጸር ያዝሁ። ኩሩ ሰውና ትዕቢተኛ ሰው በአማርኛ እንደሚለያዩ ሁሉ «ፕራውድ» እና «ሆቲ» ይለያያሉ። ብልህ የተባለ ሰው ሲደሰት ብልጥ የተባለው ሊቀየም ይችላል፤ «ዋይዝ» እና «ከኒንግ» በተባሉት ቃላት መካከል ያለውም ርቀት ይኸው ነው። «ቦልድ» የሚለው ቃል ደግሞ ልክ እንደ እኛ «ደፋር» ሁሉ ሁለት ገጽ አለው፤ ለጀግናም ለአፈ ጮሌም ይነገራል። ልጁ ቃሉ የሚያመሰግን ነው ወይስ የሚነቅፍ ብሎ ራሱን መጠየቅ ከለመደ፣ ትርጉሙን በደንብ ባያስታውሰው እንኳ ከምርጫዎቹ ሁለት ሦስቱን መጣል ይችላል። ከልማዶቹ ሁሉ ይህን አስቀድሜ አስተምራለሁ።

አማርኛችን የሚረዳበት ሌላም መንገድ አለ። በየዕለቱ «ትልቅ» እያልን በክብር ስፍራ «ዐቢይ» እንላለን፤ «ውሃ» እያልን በመጽሐፍና በቦታ ስም ደግሞ «ማይ» የሚለውን እናገኛለን፤ የሁለተኛዎቹ ምንጭ ግዕዝ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ የዕለት ቃሎቹን ከጥንታዊው የሕዝብ ቋንቋ፣ የመጽሐፍ ቃሎቹን ደግሞ በብዛት ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ወስዷል። «ቢጊን» የዕለት ቃል ሲሆን «ኮሜንስ» የክብር ልብሱ ነው፤ «አስክ» በቤት፣ «ኢንኳየር» በጽሕፈት፣ «ኢንተሮጌት» በምርመራ ክፍል ይነገራል። ፈተናው አንደኛውን ወገን ሰጥቶ ሌላውን መጠየቅ ይወዳል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መድረሳ ሲመላለስ ያደገ ልጅ የጸሎት ቋንቋና የጨዋታ ቋንቋ እንደሚለያዩ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይህ ሲነገረው አይቸገርም።

ወደ ፈተናው አሠራር ስንመጣ፣ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኖ ቃሉን ብቻ ማንበብ፣ ከዚያም በራስ አነጋገር አጭር ፍቺ መስጠት፣ ምርጫዎቹን መግለጥ ከዚህ በኋላ ብቻ መሆን አለበት። ምርጫዎቹ የተዘጋጁት የተጣደፈ ልጅ እንዲሳሳት ተደርገው ነው። ታናሹ ልጄ «ካንዲድ» የሚለውን ቃል ሲያይ «ካንዲ» ትዝ ስላለው «ስዊት» የሚለውን መርጦ ነበር፤ በሸፈነው ወረቀት ላይ «አላውቀውም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ቢያንስ በድምፁ አይታለልም ነበር። ቃሉ ግልጽና ሐቀኛ ማለት ሲሆን መልሱም «ፍራንክ» ነበር። ልጁ የሚያውቀው ፍቺ ከምርጫዎቹ ከአንዱም ጋር ካልገጠመለት ደግሞ ቃሉ ሌላ ፍቺ እንዳለው ይጠርጥር። «ግሬቭ» መቃብር ቢሆንም ምርጫዎቹ ሁሉ ቅጽሎች ከሆኑ የተፈለገው «ሲሪየስ» ነው፤ «ኖቭል» ልብ ወለድ ቢሆንም አዲስ ማለትም ነው።

ሥርወ ቃል ማጥናት ይጠቅማል፤ ነገር ግን የግል አስተማሪዎች እንደሚያጋንኑት አይደለም። «ቤኔ» መልካምን፣ «ማል» ክፉን እንደሚያመለክቱ ያወቀ ልጅ «ቤኔቮለንት»፣ «ቤኔፋክተር»፣ «ማሊስ» እና «ማሌቮለንት» ሲመጡበት አይደነግጥም። በአንጻሩ «ኖይሰም» ከጩኸት ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ትርጉሙ የሚሸት፣ የሚያስጠላ ነው። «ኤነርቬት» ደግሞ «ኤነርጂ»ን ቢያስታውስም ትርጉሙ ተቃራኒው፣ ማዳከም ነው። ስለዚህ ሥሩ ለመገመት እንጂ ለማረጋገጥ እንደማይበቃ ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ አካባቢ ስለሚዘጋ፣ ዝግጅቱን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሰመር ወራት መጀመር ይመረጣል። አንድ ሺህ ቃል የያዘ ዝርዝር አትሞ ለልጅ መስጠት ድካም ብቻ ነው። በቀን 8 ቃል በሳምንት 5 ቀን ከተያዘ በ12 ሳምንት ውስጥ 480 ቃል ይሆናል፤ ይህም በደንብ ከተያዘ ብዙ ነው። በካርዱ ፊት ቃሉ፣ በጀርባው ልጁ ራሱ የጻፈው ፍቺ፣ ሁለት ተመሳሳዮች፣ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ የምስጋና ወይም የነቀፋ ምልክት፣ ከታች ደግሞ በእናንተ እጅ የተጻፈው የአማርኛ ቃል ይስፈር። ካርዱ በማግሥቱ፣ ከዚያም በአራተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ ይታይ። አነባበቡን ልጁ ይምራ፤ እናንተ ደግሞ ፍቺውን በአማርኛ አስፉት። የልጄ ካርዶች እስከ ዛሬ ድረስ አሉ፤ «ረቲሰንት» በሚለው ካርድ ላይ እናቷ የጻፈችው «ጭምት» የሚል ቃል ይነበባል።

ስለ ነጥብ አሰጣጡ ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር አለ። በኤስኤስኤቲ የመካከለኛና የከፍተኛ ደረጃ ለትክክለኛ መልስ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ለስሕተት ሩብ ነጥብ ይቀነሳል፤ ላልተነካ ጥያቄ ምንም አይቀነስም። ምርጫዎቹ አምስት ስለሆኑ ልጁ አንዱን እንኳ በእርግጠኝነት ከጣለ ከቀሩት መገመቱ ያዋጣዋል፤ ምንም ያልጠቆመው ከሆነ ግን ይለፈው። በአይኤስኢኢ ስለ ስሕተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ አንድም ጥያቄ ባዶ መቅረት የለበትም። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ወላጆቻችን የሚደነግጡበት ቁጥር አለ። የ55ኛ ፐርሰንታይል ውጤት ከመቶ 55 ማለት ሳይሆን፣ ልጁ በዚያው ክፍል ደረጃ ሆነው ተመሳሳይ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በልጧል ማለት ነው፤ ተነጻጻሪዎቹም እንደ እርሱ ተዘጋጅተው የመጡ አመልካቾች ናቸው። በዚህ ቁጥር የተነሣ ልጁን የምትቆጡ ወላጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ የውጤት መግለጫውን በጥሞና አንብቡት።

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ቃል አይጨመርም። ልጁ ደጋግሞ የሳታቸውን ካርዶች ብቻ ለይታችሁ በቀን አንድ ጊዜ አሳልፉት፤ በሁለት ምሽት ደግሞ ሙሉውን የቃላት ክፍል ሰዓት ይዛችሁ አሠሩት። ተመሳሳይ ቃላቱን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጨረስ ከለመደ ለተዛምዶው የሚበቃ ጊዜ ይተርፈዋል። በዋዜማው ምሽት ካርዶቹን ሰብስባችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧቸውና ልጁ በጊዜ ይተኛ።