ነጥቡ ተዛወረ ወይስ ተዛመደ?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም የማስረዳው በአማርኛ ነው። በአንድ ጠለል (ጎባጣ በሌለው ዝርግ ገጽ) ላይ ላለ ነጥብ በሌላ ጠለል ላይ አቻውን ስንፈልግለት እኔ «ነጥቡን ማዛወር» እላለሁ። ባልደረባዬ «ማሳረፍ» ይላል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ መምህር፣ «ማዛወር»ን ቢተዉት ደስ ይለኛል። ከደሴ ወደ ወልድያ የተዛወረ ሠራተኛ ደሴ ያለው ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ነጥቡ ግን የትም አልሄደም። እዚያው እንዳለ በሌላኛው ጠለል ላይ ምስል ተገኘለት። ስለዚህ «ማዛመድ» ይበሉ። ቃሉ ከ«ዘመድ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ዘመድ ስላገኘ ቤቱን የሚለቅ የለም። አንድ ነገር ብቻ ያስጠንቅቋቸው፦ ሰው ብዙ ዘመድ ይኖረዋል፣ እዚህ ግን አንድ ነጥብ የሚኖረው ምስል አንድ ብቻ ነው።

ባልደረባዎም አልተሳሳቱም። «ማሳረፍ» ግን የማዛመጃው አንዱ መንገድ ነው። ላሊበላን ያስቡ። ቤተ ጊዮርጊስ ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጣሪያው በመስቀል ቅርጽ ነው። በሐሳብዎ ከመስቀሉ ከየማዕዘኑ ቱንቢ ይጣሉ። ቱንቢው ከታችኛው ጠለል ጋር የሚገናኝበት ነጥብ የማዕዘኑ ምስል ነው። ሁለቱ ጠለሎች ትይዩ ስለሆኑ መስቀሉ በቅርጹም በመጠኑም ሳይለወጥ ያርፋል። ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ካርቶን ላይ መስቀል ቀድደው ከላይ በስልክ መብራት ቢያበሩበት ግን ሌላ ነው። ወለሉ ላይ የሚታየው መስቀል ይተልቃል። ካርቶኑን ሲያዘነብሉት ደግሞ ቀጥ ያለው መስመር ቀጥ እንዳለ ይቆያል፤ ትይዩ የነበሩት ጠርዞች ግን ትይዩነታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ይህን «ማሳረፍ» አልለውም። «ከአንድ ነጥብ ማብራት» ብል እመርጣለሁ፤ ተማሪው መጠኑ ሊለወጥ እንደሚችል ከስሙ ይገባዋል።

«ጠለል»ን ራሱንም ያብራሩላቸው። «ከባሕር ጠለል በላይ» ሲባል ስለሰሙ ጠለል ሁሉ የተኛ ይመስላቸዋል። ጥቁር ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ቆሞም የጠለል ቁራጭ ነው። ከሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ ወደ ክፍሉ ወለል ያሳርፉ። ግድግዳው ሥር ያርፋል። ከእሱ በላይና በታች ያሉት ነጥቦችም እዚያው ናቸው፤ መላው ሰሌዳ አንዲት መስመር ላይ ያርፋል። ብዙ ነጥብ አንድ ምስል ሲጋራም «ተዛመዱ» ማለት ያስኬዳል። «ተዛወሩ» ካሉ ግን ተማሪው ሰሌዳው ባዶ የቀረ ይመስለዋል።