ቲን ነምበሩ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ፋብሪካ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለቤቴ የቤት እመቤት ነች፤ ምንም ገቢ የላትም። ባልና ሚስት አንድ ላይ ግብር አሳውቀን ከእኔ የሚቆረጠው እንዲቀንስልኝ ማድረግ ይቻላል? የእሷንስ ቲን ነምበር ማቅረብ ይኖርብኛል?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አይቻልም። በእኛ አገር የገቢ ግብር የሚታሰበው በእያንዳንዱ ሰው ገቢ ላይ ነው። በትዳር ውስጥ የሚገኝ ደመወዝ በቤተሰብ ሕግ የጋራ ሀብት ቢሆንም፣ ለግብር ሲሆን ደመወዝተኛው እርስዎ ብቻ ነዎት። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። የባለቤትዎ 2,000 ብር ግን ወደ እርስዎ አይዛወርም። ከአንድ ቀጣሪ ከሚያገኙት ደመወዝ ሌላ ገቢ ከሌለዎት ግብሩን ቀጣሪዎ ቆርጦ ያስገባል፤ እርስዎ የሚያሳውቁት ነገር የለም።

እኔን ያሳሰበኝ የመጨረሻዋ ጥያቄዎ ነች። ምንም ገቢ የሌላቸው የቤት እመቤት ቲን ነምበር ከየት አመጡ? ቀድሞ ተቀጥረው ሠርተው ከነበረና ያኔ የወጣ ከሆነ ችግር የለውም። ቢሮዬ የሚመጡት ባለጉዳዮች ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ «እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ንግድ ፈቃዱ በእሷ ስም ይውጣ» የተባለበት ቀን አለ። እርስዎ ይህን አልጻፉልኝም። ረስተውት ከሆነ አሁን ያስታውሱት፤ ሆን ብለው ትተውት ከሆነ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለጠበቃ ግማሹን ነግሮ ሙሉ ምክር አይገኝም።

ነገሩ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ሱቅ ትከራያለች፣ ፈቃዱ በሚስት ስም ይወጣል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ቁልፉ ለአከራዩ ይመለሳል፣ የተረፈው ዕቃ በዱቤ ያልቃል። ፈቃዱ ግን ከነመስታወቱ ቤት ገብቶ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ለገቢዎች ያቺ ሱቅ ዛሬም ክፍት ነች። የግብር ዓመት ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይወጣል፤ የሚያሳውቅ የለም። ከዓመታት በኋላ ሴትዮዋ ለሆነ ጉዳይ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለባቸው የሚገልጽ ማስረጃ) ሲጠየቁ ሠራተኛው ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ይመታል፣ ያልተዘጉት ዓመታት ተደርድረው ይወጣሉ። «አልሠራሁም እኮ!» ማለት ያኔ አይጠቅምም። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሚከፈል ታክስ ባይኖር እንኳ ሳያሳውቁ ላለፉት ለእያንዳንዱ የግብር ጊዜ 10,000 ብር ይቀጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ስለሆነ፣ በባለቤትዎ ላይ የሚሠራውን የኦሮሚያ ሕግ ጠበቃዎ አብሮ ማየት አለበት።

ሱቁ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ለማሳነስ ሲባል ገቢን ወይም ገቢ የሚያስገኝ ንብረትን ወደ ዘመድ ማዞርን ገቢ መከፋፈል ይለዋል፤ የግብር ባለሥልጣኑ ይህን ካየ ሒሳቡን አስተካክሎ ይወስናል። «ዕዳው በስሟ ነው» ብለውም አይዝናኑ። ለቤተሰብ ጥቅም የተገባ ዕዳ የጋራ ንብረታችሁን ሊነካ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ተጠርተው የሚቆሙት ስለ ንግዱ ምንም የማያውቁት ባለቤትዎ ናቸው። ይህን ለእሳቸው ነግረዋቸዋል?

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጡና ወረቀቱን ሁሉ አውጡ፦ ንግድ ፈቃዱን፣ የቲን ሰርተፊኬቱን፣ የሱቁን የኪራይ ውል፣ መጨረሻ የተከፈለበትን የግብር ደረሰኝ። ሱቁ የተዘጋበትን ቀን የሚያሳይ ማንኛውም ነገር፣ አከራዩ ቁልፍ ሲረከብ የፈረመው ብጣሽ ወረቀት እንኳ ቢሆን፣ እንዳይጠፋ። ከዚያ ጠበቃ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የግብሩ ጉዳይ ሳያልቅ ፈቃድ ለመመለስ ንግድ ቢሮ መሮጥ ብዙዎችን ሁለቴ አመላልሷል። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ደርሷችሁ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበሉ፤ በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነውና፣ ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጽፋችሁ ዛሬውኑ ለጠበቃ አሳዩ። ግቢያችሁ ውስጥ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ካለም እሱንም አትደብቁት፤ የኪራይ ገቢን ለብቻው ማሳወቅ ያስፈልጋል።