የጌም ገፅ፦ ዞምቢዎቹ ጎረቤቶቼን በሉብኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ባለፈው እትም የድሮ ጌም የምትጫወቱ እስቲ የተጣበቃችሁበትን ቦታ ጻፉልን ብለን ነበር። ዛሬ አምስቱን መርጠናል፣ አራቱ ስለ አንድ ጌም ናቸው፣ እኛም ገረመን።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ጓደኛዬ ፍላሽ ሙሉ የድሮ ጌም ገልብጦ ሰጠኝና ከሁሉም "ዞምቢስ ኤት ማይ ኔይበርስ" የሚባለው ላይ ተለክፌ ቀረሁ። እስከ ሌቭል 3 አሪፍ ነኝ። ሌቭል 4 ላይ ግን ያ መጋዝ የያዘው ጭንብላም ሰውዬ አለ አይደል፣ የውሃ ሽጉጤን ብተኩስ ብተኩስ አይወድቅልኝም፣ እሱን ስታገል ጎረቤቶቹ ያልቃሉ። በፍጥነት የሚገደልበት ዘዴ ካለ ንገረኝ። (እጁ የዛለው፣ ከሰሚት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱን ግደለው ያለህ ማነው? ጌሙን እንደ ኮንትራ፣ ፊትህ ያለውን ሁሉ እየረሸንክ እንደምታልፍበት ጌም፣ አይተኸው ነው የተሸወድከው። አዎ እየሮጥክ ትተኩሳለህ፣ ግን ሉካስአርትስ ሰርቶት ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሱፐር ኒንቴንዶና ለሴጋ ያወጣው ይሄ ጌም ውስጥ ተኩሱ ማጀቢያ ነው፣ ዋናው ስራህ የጎረቤት ለቀማ ነው። ስሙ ራሱ በኛ ቋንቋ "ዞምቢዎች ጎረቤቶቼን በሉብኝ" ነው የሚሆነው፣ "በሉብኝ" የምትለዋን ልብ በልልኝ፣ ተበዳዩ አንተ ነህ።

ሂሳቡን ላስረዳህ። ስትጀምር 10 ጎረቤት አለህ፣ ህፃን ልጅ፣ ቺርሊደር፣ ጓሮው ውስጥ ስጋ የሚጠብስ ሰውዬ፣ ውሻ ሳይቀር። አንዱ ከተበላ ክንፍ አውጥቶ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ አስቂኝ ነው፣ ግን ቀጣዩ ሌቭል ላይም የለም። 10 የነበሩት 9 ሆነው ነው የምትቀጥለው፣ እንዲህ እያለ ዜሮ ከገባ ያንተ ህይወት ቢተርፍም ጌም ኦቨር ነው። የመውጫው በር ደግሞ የሚከፈተው የቀሩትን በሙሉ ስታነሳ እንጂ ጭራቅ በመግደል አይደለም። ዞምቢዎቹም እንደሆነ አያልቁም፣ አንዱን ስትጥል ሌላው ከመሬት ይነሳል፣ ስለዚህ ቆመህ ስትረሽን የዋልከው ውሃ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው።

መጋዘኛው ጋ ስንመጣ፣ ሌቭሉ በአጥር ቁጥቋጦ የተሰራ ጥልፍልፍ መንገድ ነው፣ አንተ ዞረህ ዞረህ ስትሄድ እሱ ቁጥቋጦውን እየቆራረጠ በቀጥታ ይመጣል። አንዴ እኔ ብልጥ ሆኜ፣ ህፃኑ ከአጥሩ ማዶ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ስላየሁት ምን አዞረኝ ብዬ አጥሩን በባዙካ በረቀስኩት (ባዙካ አጥርም በርም ያፈርሳል)፣ አሪፍ ቀዳዳ ተከፈተ፣ ገና አንድ እርምጃ ሳልራመድ ግን ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ቀድሞኝ በቀዳዳዬ ገባ፣ ህፃኑ ክንፍ አወጣ። እህቴ ከጎኔ ሆና "ለሱ ነው እንዴ በር የከፈትክለት?" አለችኝ፣ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ስለዚህ ሌቭሉ ሲጀምር መጀመሪያ ራዳሩን ክፈተው፣ ሰዎቹ የት የት እንዳሉ ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ብዙ ሰው ቅርቡን አንስቶ ወደ ሩቁ ይሄዳል፣ እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክርህ፣ ጭራቅ የከበበውን ቀድመህ አንሳ፣ ለብቻው ጥግ የተቀመጠው ይጠብቅሃል። ሰውየው በጣም ከተጠጋህ የእሳት ማጥፊያውን ንፋበት፣ ለትንሽ ጊዜ በረዶ ሆኖ ይቆማል፣ አንተ በዛች ሰኮንድ እብስ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ካለው ወንድሜ ጋር ክትፎ ተወራርደናል። እሱ ሌቭል 4 ላይ ያለው ሰውዬ መጋዝ ነው የያዘው ይላል፣ እኔ እዚህ ከአሮጌ እቃ ገበያ የገዛሁት ካሴት ላይ መጥረቢያ ነው የያዘው፣ በአይኔ ነው ያየሁት። ማን ይክፈል? (መጥረቢያው ምስክሬ ነው፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ ሂሳቡን ተካፈሉ። ጌሙ አውሮፓ ሲገባ ከበድ ያለ መስሎ የታየውን ነገር ቀያይረውታል፣ ባለመጋዙ ሰውዬ መጥረቢያ ያዘ፣ ጎረቤት መብላት የሚለውም ስሙ ላይ ተቆርጦ "ዞምቢስ" ብቻ ቀረ። ካሴትህን ገልብጠህ እየው፣ ረጅሙ ስም አይኖርም። እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ግን በመጋዝ መሞት ለልጅ አይሆንም ብለው በመጥረቢያ መሞት ይሁን ማለታቸው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ከስራ የምወጣው ማታ 4 ሰአት ነው ሁሌ ከሌቭል 1 መጀመር አልችልም። ሌቭል 21 ላይ የተሰጠኝን ፓስወርድ ፎቶ አንስቼ በማግስቱ አስገባሁ፣ ሌቭሉን በትክክል አመጣልኝ፣ ግን መሳሪያዬ ሁሉ የለም!! የውሃ ሽጉጥ ይዤ ተኩላ መሃል ነው የጣለኝ። የኢሙሌተሩ (የድሮ ጌም የሚያስነሳልኝ ፕሮግራም) ችግር ነው? (የተዘረፈው፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ኢሙሌተርህ ጤነኛ ነው፣ ጌሙ ነው ጨካኝ። በየ4 ሌቭሉ የሚሰጥህ ፓስወርድ የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ የትኛው ሌቭል ላይ እንደነበርክና ስንት ጎረቤት እንደቀረህ። የሰበሰብከው ባዙካ፣ መድሃኒት፣ ቁልፍ፣ ምናምን እዛው ይቀራል። ጠቅላላው 48 ሌቭል ነው፣ በዛ ላይ ቦነሶች አሉ፣ እና ከመሃል ባዶ እጅህን መግባት ማለት ምን እንደሆነ አይተኸዋል። ኢሙሌተር ላይ ከሆንክ ፓስወርዱን እርሳውና እዛው ሴቭ አድርገህ ተኛ፣ ይቺን ማጭበርበር የሚሉ አሉ፣ ማታ 4 ሰአት ከስራ ለሚወጣ ሰው ግን እኔ ፈቅጃለሁ።

በፓስወርድ ነው የምቀጥለው ካልክ ደግሞ ከ21 ይልቅ ወደ ኋላ ተመለስና ከ9 ወይም ከ13 ጀምር፣ መንገድ ላይ መሳሪያ ትለቅማለህ። ሲለቅሙ ደግሞ ዝም ብሎ መተኮስ አይደለም፣ እዚህ ጌም ውስጥ ለእያንዳንዱ በሽታ የራሱ መድሃኒት አለው። ተኩላውን በውሃ ስትረጨው ብትውል ገላውን እያጠብክለት ነው፣ የብር ሹካና ማንኪያ ስትወረውርበት ግን በአንድ ምት ያልቃል። ብዙ ሰው ሹካና ማንኪያውን ዞምቢ ላይ ይጨርሰውና ተኩላ ሲመጣ አይኑን ያፈጣል። ሳር ማጨጃዋን ለነዛ ተክል ለሚመስሉት አስቀምጥ፣ አይስክሬሟን ለዝልግልጉ ፍጥረት፣ የሶዳ ቆርቆሮ እንደ ቦምብ ስለሚፈነዳ ተሰብስበው ሲመጡ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ካሜራ ያንጠለጠሉትን ቱሪስቶች መጨረሻ ላይ አነሳቸዋለሁ እንዳትል። አንዳንድ ሌቭል ላይ ሲመሽ እነሱው ራሳቸው ተኩላ ይሆናሉ፣ በኛ ተረት ሰው ሲመሽ ጅብ ይሆናል እንደሚባለው በለው፣ ስለዚህ ሳይጨልም ነው። ከ10 ወርደህ ከሆነ ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ፣ በየ40,000 ነጥቡ አንድ ጎረቤት ይመለስልሃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ልጅ ሆኜ የተጫወትኩት ነው ብሎ ይሄንኑ ጌም ለ9 አመት ልጃችን ኒንቴንዶ ስዊች የሚባለው የጌም ማሽን ላይ አወረደለት። ልጁ በጣም ወዶታል፣ እኔ ግን ዞምቢ የሚለውን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ሌሊት እንዳያቃዠው ፈራሁ። ላጥፋበት ወይስ ልተወው? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙ ነው እንጂ የሚያስፈራው ነገሩ ካርቱን ነው፣ ዋና ተጫዋቾቹ ዚክና ጁሊ የሚባሉ ሁለት ልጆች ናቸው፣ መሳሪያቸው የውሃ ሽጉጥና ቲማቲም፣ የሚያሳድዷቸውም የድሮ ርካሽ የአስፈሪ ፊልም ጭራቆች ናቸው፣ ጌሙ በነሱ እየቀለደ ነው። አንድ ሁለት ቦታ ግን ልንገርሽ፣ ሌቭል 5 ላይ መጥረቢያ የያዙ አሻንጉሊቶች አሉ፣ ትንንሽና ፈጣን ናቸው፣ ልጅሽ አልጋው ላይ አሻንጉሊት ካለው እዛ ሌቭል ላይ ብቻውን ባይሆን ይሻላል። ሌቭል 8 ላይ ቤት የሚያህል ህፃን ይመጣል፣ እሱ ከማስፈራት ይልቅ ያስቃል።

እኔ ብሆን ከማጥፋት ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳ ነበር። ጌሙ ለሁለት ሰው ነው፣ ስክሪኑ አንድ ስለሆነ አንዱ ሮጦ አንዱን ጥሎ መሄድ አይችልም፣ እሱ ወደ ቀኝ አንቺ ወደ ግራ ካላችሁ ሁለታችሁም ባላችሁበት ትቀራላችሁ፣ መነጋገር ግድ ነው። በ2021 የወጣው እትም ላይ ሴቭ ማድረጊያም ስላለው በቃ አሁን እራት ነው ስትይው "ጌሙ ይጠፋብኛል" ብሎ አይከራከርሽም። አባትየው እንደማይለምን ግን ዋስ አልሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ሌላ ጌም ነው። ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስን በስንት መከራ ጨረስኩት፣ መጨረሻው ላይ ይሄ ሁሉ የሰይጣን ማታለያ ነው ምናምን የሚል ነገር አሳየኝና ወደ መጀመሪያው መቃብር መለሰኝ። ተበላሽቶ ነው አይደል? ተበላሽቶ ነው በለኝ። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አይዞህ። ካፕኮም በ1985 ሲያወጣው ሁለት ጊዜ ካልጨረስከው እውነተኛውን መጨረሻ እንዳታይ አድርጎ ነው የሰራው፣ ሁለተኛው ዙር ይከብዳል፣ ደግሞ መጨረሻው ላይ የግድ መስቀል የምትባለዋን መሳሪያ (እንደ እትሙ ጋሻ ትሆናለች) ይዘህ መድረስ አለብህ፣ ሌላ ይዘህ ከሄድክ እንደገና ወደ ኋላ ይመልስሃል። እዛ እስክትደርስ ግን ጩቤዋን ካገኘህ አትልቀቃት፣ ፈጣን ናት። የምታጫውተው ባላባት አርተር አንዴ ከዘለለ አየር ላይ አቅጣጫ መቀየር ስለማይችል ከመዝለልህ በፊት የምታርፍበትን እይ፣ መጀመሪያ ስትመታ የብረት ልብሱ ይወልቅና በውስጥ ሱሪ ትቀራለህ፣ ሁለተኛውን ስትመታ አፅም ነህ። ችቦዋን ግን በምንም ተአምር አትንካት። መሳሪያ አንድ ብቻ ስለምትይዝ ሳታስበው ከረገጥካት ጩቤህ ሄደች፣ ችቦዋ ደግሞ ቅርብ ላይ ወድቃ እዛው ትነዳለች፣ ጠላት አናትህ ላይ ሲያንዣብብ አንተ ሳር ታቃጥላለህ። እኔ ችቦ ካነሳሁ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ሻይ ልጥድ ነው የምነሳው።