አሮጌው ግንብና አዲሱ ፎቅ

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ግንብ ነው። በቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው በዛ፣ ቢሮ ጠበበ። አሁን ከጀርባው ባለ አራት ፎቅ ማስፋፊያ ሊሠራ ነው። ግማሹ ኮሚቴ «አሮጌውን አስመስለን እንሥራ» ይላል፣ ግማሹ «ሙሉ መስታወት ይሁን»። እርስዎስ ምን ይላሉ? (የኮሚቴው ጸሐፊ)

መልስ፦ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ ልብሱ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ወለሉ ነው።

ጀማሪ አርክቴክት ሳለሁ ፒያሳ ላይ እንዲህ ያለ ማስፋፊያ ነድፌ ነበር። አሮጌው ቤት ከወለል እስከ ወለል 4.50 ሜትር ነበር። እኔ ወጪ ልቀንስ ብዬ አዲሱን 3.20 አደረግኩት። ሁለቱ ፎቅ ላይ ሲገናኙ የ1.30 ሜትር ልዩነት መጣ። ኮሪደሩ መሃል ስምንት ደረጃ ጣልኩበት። ሻይ የሚያዞሩት እናት ትሪ ተሸክመው በየቀኑ ያንን ሲወጡ አይቼ አፍሬያለሁ። በዊልቸር የመጣ ባለጉዳይማ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሜትር ይዛችሁ ወለሉን ለኩ።

ማስመሰሉን አልደግፍም። ስለ ቅርስ ጥበቃና ጥገና የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቬኒስ ቻርተርም ቢሆን ተጨማሪ ሥራ የራሱን ዘመን ይምሰል ነው የሚለው። ግን ዘመናዊ ማለት መስታወት ማለት አይደለም! ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል፤ ሠራተኛውም ካርቶን ይለጥፍበታል። ከተማችን ውስጥ ስንቱን አይተናል። ድንጋይ፣ መጠነኛ መስኮት፣ ጥላ የሚሰጥ በረንዳ ይበቃችኋል።

አራት ፎቁ ግን በዛ። ከመንገድ ሲታይ ከአሮጌው ጣሪያ በላይ ብቅ ባይል እመርጣለሁ። ግቢው ወደ ኋላ ተዳፋት ከሆነ አንዱን ወለል ወደ ታች አውርዱት።

አዲሱን በአሮጌው ግድግዳ ላይ አታስደግፉ። የጥንት ግንብ ብዙ ጊዜ በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ነው፤ አጠገቡ መሠረት ሲቆፈር ይሰነጠቃል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ሁለቱ ቤቶችም እኩል አይሰጥሙም። በመካከል ክፍተት ትታችሁ የራሱ ምሰሶ ባለው ቀላል መተላለፊያ አገናኟቸው። መጋጠሚያው ላይ አሸንዳው ሰፊ ይሁን፤ የሐምሌ ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው።

ፈቃዱንም አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይነካም። ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና በእርሳስ ሳለ ውሰዱላቸው።