የሕግ ጥናት ኮርሶችን በምን ቅደም ተከተል ልውሰድ? (መልስ)

እህቴ፣ የውል ሕግን፣ የወንጀል ሕግንና የሕግ ፍልስፍናን በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ላይ ልውሰድ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ፍልስፍናውን ለኋላ አቆዪው። ፍትሕ ምንድን ነው ብሎ መከራከር የሚጥመው ጥቂት ፍርዶችን አንብበሽ ከተብሰለሰልሽባቸው በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት የሕግ ምርምርና ጽሑፍ ኮርስን ያዢ። ብዙ ተማሪ ችላ ይለዋል፤ ግን ሌሎቹን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። አንድ ፍርድ አንብበሽ ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡን፣ የተጠቀሰውን ድንጋጌና የፍርድ ቤቱን ምክንያት ለይተሽ በአንድ ገጽ መጻፍ መቻል አለብሽ። «ሻጩ ዕቃውን ዘግይቶ አስረከበ» ፍሬ ነገር ነው። «መዘግየቱ ውሉን ለመሰረዝ ያበቃል ወይ?» ደግሞ ጭብጥ ነው። ይህን መለየት የለመደ ተማሪ ፈተና ላይ አይደናገጥም።

የውልና የወንጀል ሕግ አብረው ቢሄዱ ችግር የለውም። ክስ በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚቀርብና እንደሚመራ የሚደነግጉት የሥነ ሥርዓት ሕጎች ግን እነሱን ተከትለው ይምጡ። ቅድመ ሁኔታ ያላቸውን (ሌላ ኮርስ ቀድሞ መወሰድን የሚጠይቁትን) ኮርሶች ከመጨረሻው ዓመት ወደ ኋላ እየመጣሽ ወረቀት ላይ አስፍሪ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካመለጠሽ ምረቃሽ ሊጓተት ይችላል። ከምርጫ ኮርሶች እኔ ስታቲስቲክስን አስቀድማለሁ፤ ማስረጃ ለመመዘን በጣም ይጠቅማል።

ጥብቅና ካሰብሽ ደግሞ፣ ልትሠሪበት ባሰብሽው አገር ይህ የሕግ ጥናት ዲግሪ ብቻውን ለፈቃድ ያበቃ እንደሆነ ከአሁኑ አጣሪ። በአሜሪካ ለምሳሌ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት የሚወስድ የሕግ ትምህርት ቤት ይጠብቅሻል።