መልስ፦ ከስፖርት ሞተር ወደ ክሩዘር (ረጅም፣ ዝቅ ያለና ከባድ ሞተርሳይክል) ቀይሬ በዝግታ ስዞር ለምን ይወድቅብኛል?

የሚጥልህ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የፊት ፍሬኑ ነው። መሪው ተጠምዝዞ በዝግታ እየሄድክ የፊት ፍሬን ከነካህ ሞተሩ ወደ ዞርክበት ጎን ይደፋል። 180 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ስፖርት ሞተር በእግርህ ትደግፈው ነበር፤ 300 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ክሩዘር ግን አትችለውም።

1. ሳትታጠፍ በፊት ፍጥነትህን ቀንሰህ ጨርስ። አንደኛ ማርሽ ላይ ሁን፤ ጣቶችህን ከፊት ፍሬን አንሳ።
2. ፍሪሲዮኑን በከፊል ያዝ፣ ነዳጁን በትንሹ ሳታቋርጥ ስጥ፣ ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን ብቻ ተቆጣጠር።
3. ጎማውን አትይ፤ አገጭህን ወደ መውጫው አዙር። ወደምታየው ነው የምትሄደው።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን የፊት ፍሬኑን አትፍራው። ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ ስለሆነ የኋላው ፍሬን ከስፖርቱ የተሻለ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ ድንገት ስታቆም ሁለቱንም ያዝ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ክሩዘር እንደ ስፖርት ብዙ አይጋደምም። ኩርባ ላይ መጀመሪያ አስፋልቱን የሚፍቀው እግር ማሳረፊያው ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይታጠፋል። ቀጥሎ የሚነካው ጭስ ማውጫው ወይም ሻንሲው ግን አይታጠፍም፣ ጎማውን ከመሬት ሊያነሳው ይችላል። የመፋቅ ድምፅ ስትሰማ ደንግጠህ ነዳጁን በአንዴ አትልቀቅ፤ ሞተሩ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ከኋላህ ሰው ስትጭን ደግሞ ክብደቱ ሞተሩን ዝቅ እንዳያደርገው የኋላውን ሾክ አብዞርበር አጥብቀው።